ሁለት ጣት

አገሩ የሯጭ አገር ነው፤ ሊቁም ደቂቁም ሰዓት ያያል፤
ኮች ሙዘይን ብቻ ሜትሩን ጠቅልሎ አሸዋ ዳር ይቆማል።
የቅጥር ደብዳቤው ላይ «ለሩጫ» የሚል ነበር፤
«ለዝላይም» የምትለዋን እሱ ነው የጨመራት፣ በራሱ እስክሪብቶ፣ በዳር።
ዲኑ ሳያነብ ፈረመባት፤
እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረባት።

ጉድጓዱን በገዛ እጁ ቆፈረው፣ ከሜዳው ጥግ፣ ከዋንዛው ሥር፤
አሸዋውን ከጊቤ ዳር በአይሱዙ አስጫነው፣ ግማሹን በደሞዙ፣ ግማሹን በብድር።
የጅማ ዝናብ ወግ አያውቅም፤ ጥር ነው ሰኔ ነው አይልም፤
ማታ ደልድሎት የሄደው ጠዋት ኩሬ ነው፤ ሰው አይዘልም።
አንድ ቀን እንቁራሪት ከመሃሉ ተስፈንጥራ ስትወጣ አይቶ፣
«ይቺ ደግሞ ሳትሠለጥን!» አለና ውሃውን ደፋ፣ በባልዲ ቀድቶ።

ኡሞድ ከጋምቤላ የመጣው ሂሳብ ሊማር ነበር፤
የመመገቢያውን በር ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ አየው፤ ያ በቃው፣ ሌላ አልፈለገም ምስክር።
ፍራሽ የለ። የማደሪያ ስፖንጅ በጆንያ ሰፋና፣
ቀርከሃ በሁለት ሚስማር አጋደመለት፤ «በል፣ ና!»

እኔ ዘላይ አልነበርኩም፤ ጉልበቴ ገና በልጅነት የታመመ፣
ዜሮው ያለበትን የሜትር ጫፍ ይዤ ነው ወጣትነቴ የከረመ።
እሱ ጣውላው ጋ ተንበርክኮ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤
ከዚያ ሬኩን ያነሣል፤ የለካነውን ያጠፋል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሥራውን እንዲህ በእጁ ያጠፋ ሰው
ምን ተብሎ ይጻፋል? እስቲ ይንገረኝ የሚያውቀው።

ዙበይዳ ከሰቃ ናት። ስሉስ ዝላይ ሲላት ስቃ፣
«ሦስቴ ከምዘል አንዴ ልውደቅ» ያለች፤
ከወር በኋላ ግን ከኮቹ ቀድማ ትገኝ ነበር፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ ታጥቃ።
ያ ቅዳሜ የኮሌጆች ውድድር ነው። ለስሉስ ዝላይ ዳኛ ጠፋ፤
«አንተው ዳኝ» አሉት፤ ነጩንና ቀዩን ባንዲራ ከድሮ መጋረጃ ሰፋ።

የመጨረሻ ሙከራዋ። መጣች። ረገጠች። አንድ፣ ሁለት፤
ሦስተኛው ላይ አየር ውስጥ የዘገየች መሰለኝ፤
የወረደችው ከአሸዋው ጫፍ፣ ለሣሩ አንድ ክንድ ሲቀርላት።
ሜዳው ጮኸ። ዜሮዬን ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ እያነከስኩ ገባሁ፤
ቀና ስል ኮች አልተንበረከከም። ቆሞ ጣውላውን ሲያይ አየሁ።
ከአዌቱ ያመጣነው ጭቃ፣ ጠዋት በማንኪያ ያለሰለስነው፣
የጫማዋ ጫፍ ነክሶታል፤ ሁለት ጣት ነው።

ቀዩን አነሣ፤
ቀስ ብሎ፣ ጨርቁ የጆንያ እህል ያህል የከበደው ይመስል።

«ሁለት ጣት» አላት።
«ከአንተ ሌላ ያየ አለ?»
«የለም» አለ።
ጫማዋን ፈታ እግሩ ሥር አኖረች፤ በካልሲዋ እስከ አስፋልቱ ሄደች፤
ባጃጅ አስቁማ ወደ መናኸሪያ፤ ዞራም አላየች።

የተበላሸ ዝላይ አይለካም፤ ደንብ ነው። ዱካው ግን እዚያው ነበረ።
ያን ማታ ብቻ ኮች አሸዋውን አልነካም፤ ሬኩ ዋንዛው ላይ ተደግፎ አደረ።
ሌሊት ከጅሬን በኩል ዝናብ መጣ፤
ዝናቡ ደለደለለት።

ጡረታ ሲወጣ አዳራሹ ሞላ፤ ሜዳሊያ ያስመጡት ሁሉ በየተራ ተጠሩ፤
ስም ጠሪው ወረቀት ሲገልጥ ዘለለው፤ ጥቂቶች ወደ እኛ ዞሩ።
ኮች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፦ «ንጹሕ ዝላይ ናት፤ መስመር አልነኩም።»
ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አሁንም ማለዳ ማለዳ ይመጣል፤ የሚከለክለው የለም።
ባለፈው ሐሙስ ከሰቃ አንዲት ልጅ መጣች፣ ቦርሳዋን ሣሩ ላይ ጣለች፤
ጣውላው ጋ ደርሳ ቁጢጥ አለች፤ ከመስመሩ ወደ ኋላ
ሁለት ጣቷን አስተኝታ፣ እዚያ ላይ በጠመኔ አሰመረች።
«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።
«ቲቸር ዙበይዳ ናት። ‹ይሄ ነው መስመራችሁ› ትለናለች።»

ኮች ሰማ። ምንም አልተናገረ።
ሬኩን አነሣ፤ አሸዋው ልስልስ ብሎ ነበረ፤
እንደገና ደለደለው።